ቅርንጫፍ ካለ ግንድ አለ፦ ብዙ መደብር ያለውን ኦንላይን ሱቅ ስለማደራጀት

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜ ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከአንድ ቃል ልጀምር። ቃሉ «ቅርንጫፍ» ነው። በየቀኑ እንጠራዋለን። «አዲስ ቅርንጫፍ ከፈትን» እንላለን። «ዕቃው ከዋናው መጋዘን ወደ ቅርንጫፍ ይላክ» እንላለን። ስንል ግን ዛፍ አይታየንም። ቃሉ የዛፍ ቃል ነው። ቅርንጫፍ ካለ ግንድ አለ፤ ግንድ ካለ ሥር አለ፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ቅጠል አለ። የኮምፒውተር ሰዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው፦ ሥር፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ቅጠል። ከላይ ያለው ወላጅ፣ ከእሱ በታች ያለው ልጅ፣ ልጅ የሌለው የመጨረሻው ደግሞ ቅጠል ነው፤ ለእኛ ቅጠሉ መደብሩ ራሱ ነው። ስለዚህ የዛሬው ርዕስ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ቃሉ አፋችን ላይ አለ። ከባዱ ዛፉን ሱቃችን ውስጥ በትክክል መትከሉ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። አንድ ሰው አንድ መደብር አለው። ዌብሳይት ይከፍታል፣ ዕቃ ይለጥፋል፣ አድራሻውን ከታች ይጽፋል። አለቀ። ሁለተኛ መደብር ሲከፍት ሁለተኛ አድራሻ ይጨምራል። ከዚያ ሦስተኛ፣ አራተኛ። 15 ሲደርስ «ቅርንጫፎቻችን» የሚል ገጽ ይሠራል። 80 ሲደርስ ያንን ገጽ እስከ ታች ወርዶ የሚያነብ ሰው አይገኝም። ያኔ «በከተማ እንከፋፍለው» ይባላል። ቀጥሎ በክልል። ቀጥሎ በአገር። በቸገረ ቁጥር አንድ ደረጃ ይጨመራል። ማንም ቁጭ ብሎ ዛፉን አላሰበውም፤ ዝም ብሎ በቀለ።

እኔ ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልላችሁ ነው። በዚህ ዛፍ ውስጥ አንድ ደረጃ ቦታ የሚያገኘው እዚያ ደረጃ ላይ የሚወሰን ነገር ካለ ብቻ ነው። አገር የሚባለው ደረጃ ላይ ግብር ወይም የገንዘብ ዓይነት የሚወሰን ከሆነ ይኑር። ከተማ የሚባለው ላይ የማድረሻ ክፍያ የሚወሰን ከሆነ ይኑር። ምንም የማይወሰንበት ደረጃ ግን ጌጥ ነው። ጌጥ ደግሞ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደንበኛው ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት የቅርንጫፍ መፈለጊያ ሠርተን ነበር። አምስት ተቆልቋይ ሳጥኖች ነበሩት፦ አገር፣ ክልል፣ ከተማ፣ ሰፈር፣ ቅርንጫፍ። እኛ ኮርተንበት ነበር። ሁሉም ነገር ሥርዓት ይዟል። ሥራው ካለቀ በኋላ አንዲት ሴት ስትጠቀምበት አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። 38 ቁጥር ጫማ ቤቷ አቅራቢያ ካለ ቅርንጫፍ መውሰድ ነው የፈለገችው። የመጀመሪያውን ሳጥን ነካች። አንድ አገር ብቻ ነው ያለው። መረጠችው። ክልል መረጠች። ከተማ መረጠች። ሰፈር ሲመጣ የራሷን ሰፈር መረጠች፤ ሌላ ምን ትመርጥ? ስክሪኑ «በዚህ ሰፈር ቅርንጫፍ የለም» አላት። ስልኩን አስቀመጠችው።

ቅርንጫፍ ነበረ። ከቤቷ መንገድ ተሻግሮ። መንገዱ ግን የሁለት ሰፈሮች ድንበር ነው። በእኛ ዛፍ ላይ ቅርንጫፉ የወዲያኛው ሰፈር ልጅ ነው። እሷ አስር ደቂቃ በእግር ሄዳ የምትደርስበትን መደብር ሲስተማችን «የለም» አላት። ያን ቀን የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው። ደንበኛ ዛፍ ላይ አይወጣም። ደንበኛ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «አጠገቤ አለ ወይስ የለም?»

ታዲያ ምን አደረግን? መጀመሪያ አንድ ምርጫ ብቻ ያለውን ሳጥን አወጣን። አንድ ልጅ ብቻ ያለው ወላጅ ለደንበኛ መታየት የለበትም፤ ሲስተሙ ራሱ ዘሎት ይለፍ። ቀጥሎ ከሳጥኖቹ በላይ አንድ የመፈለጊያ ቦታ አስቀመጥን። የሰፈሩን ስም፣ የመንገዱን ስም፣ ሰዉ የሚጠራውን ስም ሁሉ ይቀበላል። ሦስተኛ፣ ውጤቱ በርቀት ተደርድሮ ይመጣል፤ ድንበር አያውቅም። ዛፉን አልጣልነውም። ከኋላ ሆኖ ሥራውን ይሠራል። ከደንበኛው ፊት ግን ገለል አለ።

ከኋላ ሆኖ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ትልቁ ሥራው ውርስ ነው። ልብ በሉ፣ 80 ቅርንጫፍ አላችሁ። እያንዳንዱ የመክፈቻ ሰዓት፣ የማድረሻ ክፍያ፣ የመመለሻ ደንብ፣ የስልክ ቁጥር፣ የክፍያ ዘዴ አለው። 80 ጊዜ ብትጽፉት 80 ቦታ ልትሳሳቱ ነው። ዛፍ ካላችሁ ግን የመመለሻ ደንቡን ሥሩ ላይ አንድ ጊዜ ትጽፋላችሁ። ሁሉም ይወርሳል። አንድ ከተማ ላይ የማድረሻ ክፍያው ከተለየ እዚያ ከተማ ላይ ብቻ ትጽፋላችሁ፤ በሥሩ ያሉት ቅርንጫፎች የቅርቡን ይወስዳሉ። አንድ ቅርንጫፍ እሁድ የማይከፍት ከሆነ እሱ ላይ ብቻ ትጽፋላችሁ።

ማጀንቶ የሚባለውን የኦንላይን ሱቅ መሥሪያ ሶፍትዌር የተጠቀማችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። አሁን ባለቤቱ አዶቢ ነው። እዚያ አራት ደረጃ አለ፦ ሁሉን የሚገዛው የላይኛው፣ ከሥሩ ዌብሳይት፣ ከሥሩ ስቶር፣ ከሥሩ ስቶር ቪው። እነዚህ ደረጃዎች ቦታዎች አይደሉም። ውሳኔዎች ናቸው። ዋጋን በዌብሳይት ደረጃ መለየት ይቻላል። የዕቃ ምድቦች ዛፍ የሚመረጠው በስቶር ደረጃ ነው። ቋንቋ የሚለየው በስቶር ቪው ነው። ብዙ ሰው ግን ስሙን አይቶ ይሳሳታል። «ስቶር» ሲል መደብር ይመስለዋል፤ ለእያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ስቶር ይከፍታል። ከዚያ 30 ቦታ ያንኑ ማስተካከያ መድገም ይመጣል። እዚያ ያለው ስቶር ግድግዳና በር ያለው መደብር አይደለም። ዕቃው የተቀመጠበት ቦታ በሌላ ስም ነው የሚጠራው፤ «ሶርስ» ይሉታል። ይህ ክፍል የገባው በ2018 መጨረሻ በወጣው 2.3 ዕትም ነው። እንደኔ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። መሸጫው ሌላ፣ ዕቃው ያለበት ሌላ።

ውርስ ላይ አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። ባዶና ዜሮን አታምታቱ። ባዶ ማለት «ወላጄን ጠይቁ» ማለት ነው። ዜሮ ማለት «በነፃ» ማለት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሠራተኛ የቅርንጫፍ ፎርም ከፍቶ የስልክ ቁጥር አስተካከለ። የማድረሻ ክፍያው ቦታ ባዶ ነበር፤ ከከተማው ነው የሚወርሰው። ፎርሙ ሲቀመጥ ባዶውን ወደ 0 ቀየረው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የዚያ ቅርንጫፍ ማድረሻ ነፃ ሆነ። ያስተዋልነው የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ ነው። ሠራተኛው ምንም ጥፋት የለበትም፤ የነካው ስልክ ቁጥር ነው። ጥፋቱ የፎርሙ ነው። ፎርሙ «ይህን የወረስኩት ከላይ ነው» ብሎ ማሳየት ነበረበት። ማጀንቶ ላይ ከእያንዳንዱ ሳጥን ጎን ትንሽ ምልክት ማድረጊያ አለች። ምልክቱ ካለ ከላይ ይወረሳል፤ ምልክቱን ስታነሱ ነው ሳጥኑ የሚጻፍበት። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ብዙ ጣጣ ታስቀራለች።

ሌላው የውርስ ጠላት ኮፒ ነው። አንዳንድ ሲስተም አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት የወላጁን ዋጋዎች ሁሉ ይገለብጥለታል። ያን ዕለት ሁሉም ነገር ልክ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ከላይ ደንቡን ስትቀይሩ ቅርንጫፎቹ አይሰሙም። ሁሉም የየራሱን አሮጌ ቅጂ ይዟል። መውረስ ማለት በተጠየቀ ቁጥር ወደ ላይ ማየት ነው። ፕለጊን፣ ማለትም ሲስተሙ ላይ የሚጨመር ክፍል፣ ስትገዙ ወይም ሲሠራላችሁ ይህን ጠይቁ። «ከላይ ስቀይረው ከታች ይቀየራል ወይ?» አዎ ካሏችሁ ፊታችሁ ቀይረው ያሳዩአችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ክምችት፣ ወይም በተለምዶ ስቶክ የምንለው።

ስቶክ የሚቀመጠው ቅጠል ላይ ብቻ ነው። ዕቃ የሚገኘው መደርደሪያ ላይ፣ መጋዘን ውስጥ፣ መደብር ውስጥ ነው። «ክልል» ውስጥ ዕቃ የለም። «ከተማ» የሚባል መደርደሪያ የለም። የከተማው ቁጥር የልጆቹ ድምር ነው፤ ይሰላል እንጂ አይጻፍም። ግልጽ ይመስላል። ግን እንዴት እንደሚበላሽ ላሳያችሁ።

አንድ ከተማ ውስጥ ሦስት ቅርንጫፍ አለ። የአንድ ቦርሳ ስቶክ 12፣ 7 እና 0 ነው። ድምሩ 19። የክምችት ሠራተኛው ይህን ሁሉ በኤክሴል ይዟል። ከታች እንደ ማንኛውም ሰው «የከተማው ድምር 19» ብሎ አንድ ረድፍ ጨምሯል። ፋይሉ ወደ ሲስተሙ ሲገባ ያ ረድፍም አብሮ ገባ። ሲስተሙ ከተማውን እንደ አንድ ቦታ ቆጠረው፤ 19 ቦርሳ ያለበት ቦታ። ስለዚህ ዌብሳይቱ ላይ 38 ሆነ። ቅናሽ ነበረና በሁለት ቀን 23 ቦርሳ ታዘዘ። ያለው 19 ነው። ለአራት ሰዎች ደውለን ይቅርታ ጠየቅን፣ ገንዘባቸውን መለስን። ከአራቱ አንዱ የልደት ስጦታ ነበር የገዛው። ድምጹ አሁንም ትዝ ይለኛል።

መፍትሔው ሠራተኛውን መቆጣት አልነበረም። ሲስተሙ ራሱ «ይህ ቦታ ልጆች አሉት፤ ዕቃ አይቀመጥበትም» ማለት አለበት። ኦዱ የሚባለው የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ሲስተም ይህን በደንብ አድርጎታል። እዚያ አንድን ቦታ «ቪው» ብላችሁ ከመደባችሁት ሌሎች ቦታዎችን ይሰበስባል እንጂ ራሱ ዕቃ አይይዝም። ልታስቀምጡበት ብትሞክሩ አይቀበልም። የራሳችሁን ሲስተም ብትሠሩም ይህን አንድ ሕግ አስገቡበት።

ድምሩ ልክ ከሆነ በኋላም ሌላ ጥያቄ ይመጣል። አንድ ደንበኛ 15 ቦርሳ ይፈልጋል እንበል። ከተማው 19 አለው። «አለ» እንበለው? ወደ ቤቱ የሚላክለት ከሆነ አዎ፣ ከሁለት ቦታ ተሰብስቦ ይሄዳል። ሄዶ ልውሰድ ካለ ግን የለም። ትልቁ ቅርንጫፍ 12 ነው ያለው። ስለዚህ «በከተማው ውስጥ አለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለአንዱ እውነት፣ ለሌላው ውሸት ነው። ብዙ ሱቆች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ለመውሰድ የመጣን ሰው የድምሩን ቁጥር ያሳዩታል። ደንበኛው «ቪው» የሚባለውን ነገር አያውቅም። የሚያውቀው መንገድ ሄዶ ባዶ እጁን መመለሱን ነው። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ ሰውየው «ልውሰድ» ካለ የቅጠሉን ቁጥር አሳዩት፤ «ላኩልኝ» ካለ ድምሩን አሳዩት። ሁለቱን በአንድ ቦታ አትቀላቅሉ።

መደርደሪያ ላይ ያለው ሁሉም አይሸጥም፤ ይህንንም አትርሱ። ከ12ቱ ሦስቱ ታዝዘው ገና ካልወጡ ለሽያጭ የቀሩት 9 ናቸው። ይህ ቁጥር ነው ወደ ላይ እየተደመረ መሄድ ያለበት።

እስካሁን አንድ ዛፍ እንዳለ አድርጌ ነው ያወራሁት። እውነቱ ግን ሁለት ዛፍ ነው። አንደኛው የአድራሻ ዛፍ ነው፦ ይህ መደብር የት ከተማ፣ የት ክልል፣ የት አገር ነው? ሁለተኛው የሥራ ዛፍ ነው፦ ይህን መደብር ማን ያስተዳድረዋል? ዕቃ ከየትኛው መጋዘን ያገኛል? ሪፖርቱ ለማን ይሄዳል? ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላሉ። ስለሚመሳሰሉ አንድ ናቸው ብለን እናስባለን። ከዚያ አንድ ቀን ክልል ድንበር ላይ ያለ ቅርንጫፍ ይከፈታል። አድራሻው ሰሜን ነው። የቅርቡ መጋዘን ግን ደቡብ ነው፣ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ። የሰሜኑ መጋዘን 200 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ታዲያ ቅርንጫፉ የማን ልጅ ነው? አንድ ዛፍ ብቻ ካላችሁ የግድ አንዱን ትዋሻላችሁ። ሰሜን ካላችሁት ዕቃው 200 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ደቡብ ካላችሁት ደንበኛው ሰሜን ላይ ሲፈልገው ያጣዋል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሁለት ወላጅ ስጡት፤ ግን በሁለት የተለያዩ ዛፎች። በአንድ ዛፍ ውስጥ ሁለት ወላጅ አይደለም፣ እሱ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ድምሩ እንደገና ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ዌብሳይት በሚሠራበት በወርድፕሬስ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ቀላል ነው። ሁለት የምድብ ዓይነት ትፈጥራላችሁ፤ አንዱ ለአድራሻ፣ አንዱ ለሥራ። ሁለቱም ወላጅና ልጅ እንዲኖራቸው ማድረግ ይቻላል። ሾፒፋይ በሚባለው የኦንላይን ሱቅ አገልግሎት ላይ ደግሞ ሎኬሽን የሚባሉት ቦታዎች ጎን ለጎን የተደረደሩ ናቸው፤ አንዱ የሌላው ልጅ አይሆንም። እዚያ ዛፉን በመለያ ወይም ከውጭ በሌላ ሲስተም መያዝ ይኖርባችኋል። ለ10 ቅርንጫፍ ዛፍ የለም ማለት ችግር አይደለም። እንዲያውም ዕረፍት ነው።

የማድረሻ ክልልም ሌላ ጉዳይ ነው። ከሁለቱም ዛፍ ጋር ላይገጥም ይችላል። ወርድፕሬስን ሱቅ በሚያደርገው በዉኮሜርስ የማድረሻ ዞኖች ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ነው የሚታዩት፤ ለደንበኛው አድራሻ መጀመሪያ የገጠመው ዞን ይወስዳል። ስለዚህ ጠባቡ ዞን ከላይ፣ ሰፊው ከታች መሆን አለበት። አገሩን በሙሉ የያዘውን ዞን ከላይ ካስቀመጣችሁት ከሥሩ ያለው የከተማ ዞን ተራ አይደርሰውም። ብዙ ሰው «የከተማው ክፍያ አልሠራ አለኝ» ብሎ ይመጣል። መልሱ ብዙ ጊዜ ረድፉን በማውስ ይዞ ወደ ላይ መጎተት ነው።

ርቀት ላይ ትንሽ ልቆይ። ቅድም ውጤቱ በርቀት ይደርደር ብያለሁ። ለዚያ እያንዳንዱ ቅጠል የካርታ ነጥብ ያስፈልገዋል፦ ኬክሮስና ኬንትሮስ። እዚህ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ቅደም ተከተሉ ነው። ብዙ ካርታ ላይ ኬክሮስ ይቀድማል። ጂኦጄሰን በሚባለው የፋይል ዓይነት ግን ኬንትሮስ ነው የሚቀድመው። ከተገለበጠ ቅርንጫፋችሁ ሌላ አህጉር ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሁለተኛው ባዶው ነጥብ ነው። ነጥቡን ያልሞላችሁለት ቅርንጫፍ 0፣ 0 ተብሎ ከተቀመጠ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ማዶ፣ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ውሃ ላይ ይገኛል። ባዶና ዜሮ እዚህም ተመልሰው መጡ።

ነጥቡ ምን ያህል ትክክል ይሁን? ከምድር ወገብ አካባቢ አንድ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ ከጻፋችሁ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ትስታላችሁ። አራት አኃዝ ስትጽፉ ስህተቱ ወደ አስር ሜትር ይወርዳል። ለመደብር በር ያ ይበቃል። ደግሞ ቀጥታ መስመር መንገድ እንዳልሆነ አትርሱ። በመካከል ወንዝ ካለ፣ ድልድዩም ሩቅ ከሆነ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያለው ቅርንጫፍ ከአምስት ኪሎ ሜትሩ ሊርቅ ይችላል። ለመደርደር ቀጥታ መስመሩ ይበቃል። ለደንበኛው ሰዓት ቃል ከመግባታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ርቀት እዩ።

ዲቨሎፐሮች መኖራችሁን አይቻለሁ፤ ስለ ዳታቤዙ ባጭሩ ልበል። ቀላሉ መንገድ አንድ ዓምድ ነው፦ ወላጁ ማን ነው? ይበቃል። «ከዚህ ክልል በታች ያሉትን ሁሉ አምጣ» የሚለው ጥያቄ ድሮ አስቸጋሪ ነበር። ራሱን እየጠራ የሚወርድ መጠይቅ የዳታቤዝ ቋንቋ በሆነው በኤስኪውኤል ይፋዊ መስፈርት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዳታቤዞቹ ፖስትግሬስ በ2009 በ8.4 ዕትሙ፣ ማይኤስኪውኤል በ2018 በ8.0 ዕትሙ ተቀበሉት። ዛሬ ሰበብ የለም። ሌላው መንገድ ሙሉ መንገዱን መጻፍ ነው፤ «1/4/17/» ብላችሁ ታስቀምጣላችሁ። 1 ሥሩ፣ 4 ክልሉ፣ 17 ከተማው። ከ4 በታች ያለውን ለማግኘት በ«1/4/» የሚጀምረውን ትፈልጋላችሁ። የመጨረሻዋን እዝባር እንዳትተዋት። ከተዋችኋት «1/4» ብላችሁ ስትፈልጉ «1/40» እና «1/45» የሚጀምሩትም ይመጣሉ። የአንዱ ክልል ሥራ አስኪያጅ የሌላውን ክልል ሽያጭ ያያል። ይህ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም፣ የምስጢር ጉዳይ ነው።

አንድ ሌላ ጥበቃ፦ ማንም ወላጅ የልጁ ልጅ እንዳይሆን ከልክሉ። አንድ ሰው ክልሉን በስህተት ከራሱ ከተማ ሥር ካስቀመጠው ክብ ይሆናል፣ ሲስተሙም ሲዞር ይውላል። ከዚያ ውጭ በአራትና አምስት ደረጃ፣ በጥቂት ሺህ ቅርንጫፍ፣ የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ልዩነቱን ደንበኛ አያየውም።

ከፍጥነት ይልቅ የሚያሳስበኝ መዛወርና መዘጋት ነው። ዛፍ ይንቀሳቀሳል። ቅርንጫፍ ከአንድ ሥራ አስኪያጅ ወደ ሌላው ይዛወራል። ያኔ የአምናው ሪፖርት ምን ይሆናል? ሪፖርቱ የዛሬውን ዛፍ ብቻ የሚያይ ከሆነ የአምናው ሽያጭ አብሮ ይዛወራል። አንዱ ሥራ አስኪያጅ ያልሠራውን ይመሰገናል፤ ሌላው የሠራው ይጠፋበታል። ሰው ያዝናል፣ ልክም ነው። ስለዚህ ትዕዛዝ ሲመጣ የዚያን ቀን መንገዱን ትዕዛዙ ላይ ጻፉት። አይቀየርም።

የቅርንጫፍ ኮድም እንዲሁ። «ሰሜን-03-12» የሚል ኮድ ማውጣት ደስ ይላል፤ ሲያዩት ሁሉን ይናገራል። ቅርንጫፉ ወደ ደቡብ ሲዛወር ግን ኮዱ ይዋሻል። ትርጉም የሌለው ቁጥር ስጡት። የባርኮድ መስፈርት የሚያወጣው ዓለም አቀፉ ድርጅት ጂኤስ ዋን የሚሰጠው የቦታ መለያ ቁጥር 13 አኃዝ ነው፤ የመጨረሻዋ ስህተት መፈተሻ ናት። ቦታውን ይለያል እንጂ የትኛው ክልል እንደሆነ አይናገርም። ያ ሌላ መዝገብ ላይ ነው ያለው። ሊንክ ላይም ያንኑ አድርጉ። አገር፣ ክልል፣ ከተማ ብሎ የሚረዝም ሊንክ አንድ ወላጅ ሲቀየር ይሰበራል፤ ያተማችሁት ወረቀት ላይ ያለውም አብሮ ይሞታል።

ሲዘጋ ደግሞ አትሰርዙት። «ተዘግቷል» በሉት። ገጹን የከፈተ ሰው ቅርንጫፉ መዘጋቱን እና የቅርቡን ቅርንጫፍ ይይ። መካከለኛ ደረጃ ስትሰርዙም ልጆቹ ወዴት እንደሚሄዱ ቀድማችሁ እወቁ። ወርድፕሬስ ላይ አንድ ወላጅ ምድብ ሲሰረዝ ልጆቹ ወደ አያታቸው ይወጣሉ። ምክንያታዊ ነው። ግን ከተማ ስትሰርዙ ቅርንጫፎቹ በቀጥታ ከክልሉ ሥር ይሆናሉ ማለት ነው፤ ከከተማው ይወርሱት የነበረው የማድረሻ ክፍያም ሳይነገራቸው ይቀየራል።

ንግግሬን ስጨርስ ሦስት ጥያቄ ተነስቶ ነበር፤ መልሶቹን እዚህ ጽፌያቸዋለሁ።

አንድ ወንድም «አራት ቅርንጫፍ ነው ያለኝ፤ ይህ ሁሉ ያስፈልገኛል?» አለ። አያስፈልግህም። አራቱን በስማቸው ደርድራቸው፣ ነጥባቸውን ሙላ፣ በቃ። ሁለተኛ ደረጃ የምትጨምረው ሁለት ቅርንጫፎች አንድ ዓይነት ደንብ ኖሯቸው ሌሎቹ ሲለዩ ነው። እስከዚያ ድረስ ዝርዝር ይሻልሃል።

አንዲት እህት «አንዳንድ ቅርንጫፎቻችን የእኛ አይደሉም፤ በስማችን የሚሠሩ የሌላ ሰው ናቸው። የት እናስገባቸው?» ብላ ጠየቀች። በአድራሻ ዛፉ ላይ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይቀመጡ፤ ለደንበኛ ልዩነት የለውም። በሥራ ዛፉ ላይ ግን የራሳቸው ግንድ ይኑራቸው። ዋጋቸውንና ስቶካቸውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከላይ የምትጽፉት ደንብ ሁሉ በጭፍን ሊወርድባቸው አይገባም፤ የትኛው እንደሚወርስ በውላችሁ ላይ ያለውን ተከተሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ የብዙዎች ነበር። «60 ቅርንጫፍ አለን። ሁሉም እንደመጣ ገብቷል። ከየት እንጀምር?» ኮምፒውተሩን ዝጉና ከሰው ጀምሩ። አንድ ሠንጠረዥ አውጡ። ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ዕቃ ከየት ያገኛል፣ ችግር ሲኖር ማን ጋ ይደወላል፣ ማድረሻውን ማን ይወስናል። ከዚያ መልሳቸው አንድ የሆኑትን አንድ ላይ ሰብስቡ። ደረጃዎቻችሁ እነሱ ናቸው። ክልልና ከተማ ብላችሁ ካሰባችሁት ጋር ላይገጥም ይችላል። እኛ ስንሠራው አምስት ደረጃ ያለው ዛፍ ወደ ሦስት ወረደ። «ማን ጋ ይደወላል» ከሚለው ሥር ደግሞ ዘጠኝ ቅርንጫፎች ባዶ ሆነው ተገኙ። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የሠራነው ለእነዚያ ዘጠኙ የሚደወልለት ሰው መመደብ ነበር።